ዞሮ የተጫነው ከሰል

አናጢው በዕድሜው ብዙ ነገር ሠርቷል። በር ሠርቷል፤ መስኮት ሠርቷል፤ የትምህርት ቤት ዴስክ በመቶ እየቆጠረ አስረክቧል፤ ለአንዲት ሙሽራ ባለ ሰባት መሳቢያ ቁም ሣጥን ሠርቶላት፣ ዘመን አልፎ ያንኑ ቁም ሣጥን ለልጅ ልጇ ጠግኗል። ከሰል ግን ሠርቶ አያውቅም ነበር። ከሰል መሥራት የጀመረው ስድሳ አንድ ዓመት ሞልቶት፣ የመነጽሩ ክንድ በክር ታስሮ፣ ደረጃ በወጣ ቁጥር ጉልበቱ እየጮኸበት ሳለ ነው። ያውም ለእሳት የማይሆን ከሰል፤ ስድስት ፉርጎ ሙሉ ሆኖ ሲያበቃ ሁሉም ተደምሮ አንድ የጫማ ካርቶን የማይሞላ።

ለዚህ ያበቃው ወንድሙ ነው።

ወንድሙን «ጋሼ» ነው የሚላቸው። በዐሥራ ሦስት ዓመት ይበልጡታል። አባታቸው ሲሞት ጋሼ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር፤ ወር ሳይሞላ ባቡር ጣቢያው ሄደው የከሰል ማውረጃው ላይ ተቀጠሩ፤ ከዚያም ሠላሳ አራት ዓመት አልወረዱም። ማውረጃው ከሐዲዱ በላይ በአራት እግር የቆመ ትልቅ የብረት ቋት ነው፤ ከሥሩ በር አለው። ባዶዎቹ ፉርጎዎች በሎኮሞቲቩ እየተሳቡ ከሥሩ ይገባሉ። ጋሼ እጃቸውን አንሥተው ለባቡር ነጂው «ቆይ» ይሉታል፤ ይቆማል። ዘንጉን ሳብ ሲያደርጉት ከሰሉ ይወርዳል፤ ገፋ ሲያደርጉት በሩ ቀስ እያለ ይዘጋል። «ሂድ» ይሉታል፤ ይሄዳል። ቀጣዩ ፉርጎ ይመጣል፤ «ቆይ»። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ በእነዚህ በሁለት ቃላት እንጀራቸውን በሉ።

ማታ ሲመለሱ ከዓይናቸውና ከጥርሳቸው በቀር ነጭ ነገር አልነበራቸውም። ጓደኞቻቸው «ጥቀርሻ» የሚል ስም አወጡላቸው፤ እሳቸውም አልተቀየሙም። በዚያ ጥቁር እጅ ነው አናጢውን ያሳደጉት፣ ያስተማሩት፣ የመጀመሪያውን መላጊያ ገዝተው ያስታቀፉት። ማውረጃው ላይ ግን አንድም ቀን አላስወጡትም። «አንተ ሳንባህን ለእንጨት ብናኝ አስቀምጥ፤ የከሰሉ ለኔ ይበቃኛል» ይሉት ነበር። ስለዚህ አናጢው የተጫነ ባቡር ያየው ከሩቅ ብቻ ነው፤ ከቤታቸው መስኮት ሆኖ፣ ከወንዙ ማዶ እንደ ጥቁር ክር ሲያልፍ። ይህች ትንሽ ነገር ኋላ ምን እንደምታመጣበት ያኔ ማን ይገምታል?

ጣቢያው ከተዘጋ፣ ሐዲዱም ተነቅሎ ከተሸጠ ብዙ ዓመት ሆኗል። ጋሼ ጡረታ ወጥተው፣ ሚስታቸው ከሞተች በኋላ ከታናሽ ወንድማቸው ቤት ገብተው፣ ከመንገድ ዳር ባለችው ክፍል ይኖሩ ነበር። ባለፈው ዓመት አንድ ማለዳ ሸሚዛቸውን ሲቆልፉ ወደቁ። ስትሮክ ነው ተባለ። ቀኝ እጃቸውና ቀኝ እግራቸው አልታዘዝ አላቸው፤ አንደበታቸው ተዘጋ፤ ከዚያ ሁሉ ዘመን ንግግር አንዲት ቃል ብቻ ተረፈቻቸው፤ «ቆይ»።

ሾርባ ሲቀርብ «ቆይ»። ሾርባው ሲነሣ «ቆይ»። መጋረጃው ሲከፈት፣ ካልሲያቸው ሲወልቅ፣ ጎረቤት ሲጠይቃቸው «ቆይ»።

«ጋሼ እኮ በአንድ ቃል ቤቱን ያስተዳድራሉ» ትል ነበር የአናጢው ሚስት ትራሳቸውን እያስተካከለች፤ «አንተ በሺህ ቃል አንድ ቧንቧ ማስጠገን አቅቶሃል።»

ቀልዷን አላቋረጠችም፤ ወገቧ ግን ከዳት። ጋሼን ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ ስታነሣ አንድ ቀን እዚያው ጎንበስ እንዳለች ቀረች። አናጢው አንዱን በቀኝ፣ አንዷን በግራ ደግፎ ሲያስቀምጥ፣ ማንን አስቀድሞ እንደሚለቅ ጨንቆት ቆመ።

የጋሼ አንድያ ልጅ ይህን ሰማች። በሌላ ከተማ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ በየወሩ አባቷን ለማየት ትመጣለች። በዚያ ወር ስትመጣ ከቤቷ አጠገብ ነርሶች ያሉበት የአረጋውያን ቤት ማግኘቷን ተናገረች። አናጢው አልዋጥልህ አለው። ሁለቱ በረንዳ ላይ ተቀመጡ።

«አጎቴ፣ አባባ የሚያውቀን ይመስልሃል?»

«ያውቁናል እንጂ።»

«በምን አወቅህ?»

አናጢው ጣቶቹን ተመለከተ።

«እኔ ልውሰደው ስል ደስ ብሎኝ አይደለም» አለች፤ አፍንጫዋ ቀልቷል፤ «ግን ነገር የማይገባው ከሆነ፣ እናንተን ይዞ ከሚወድቅ ነርስ ያለበት ይሁን። ከገባው ግን ከወንድሙ ቤት አልወስደውም። አንድ ምልክት አሳየኝ፤ አንድ ብቻ። ካየሁ እዚሁ ይኑር፤ የሚያግዛችሁ ሰው እኔ እቀጥራለሁ። የወሩ መጨረሻ እሑድ እመጣለሁ። ያን ቀን ካላየሁ አትያዘኝ።»

አናጢው እሺ አለ። ሌላ ምን ይላል?

ሐኪም ቤት የጋሼን እጅ የምታሠለጥነው ባለሙያ አንድ ነገር ብላው ነበር። «ዱሮ የለመዱትን ነገር ከፊታቸው አስቀምጡላቸው፤ አንዳንዴ እጅ ከምላስ ቀድሞ ያስታውሳል።» ይህን ነገር በልቡ ሲያመላልስ አደረና፣ ጠዋት ወደ ሥራ ቤቱ ገብቶ ኮምፔንሳቶ መቁረጥ ጀመረ። በአንድ ሳምንት የጣቢያውን ግቢ በጋሼ ክፍል ጠረጴዛ ላይ አቆመው። ሐዲዱ ከቀጭን የነሐስ ሽቦ ተሠራ፤ ሎኮሞቲቩ ከእንጨት ተላገ፤ ማውረጃው በአራት እግሩ ቆመ፤ ስድስቱ ፉርጎዎች፣ እያንዳንዳቸው ከእጅ መዳፍ ጥቂት የሚረዝሙ፣ በስተኋላቸው የፍሬን ሠራተኛው የሚቆምባት ባለ አጥር መረገጫ ተበጅቶላቸው ተሰለፉ። እንጨት የሆነ ነገር መቼም አይበግረው።

ያስቸገረው ከሰሉ ነው።

መጀመሪያ ፎም ቆርጦ ጥቁር ቀለም ቀባው። ሚስቱ ከበሩ ሆና አየችው።

«ምንድን ነው?»

«ከሰል።»

«ያረረ ዳቦ ነው» አለችና ሄደች።

እውነቷን ነው። ለስላሳ፣ የተነፋ ነገር ሆኖ ነበር። ጋሼ የሚያውቁትን ከሰል በዳቦ ሊያታልላቸው ነው? ያን ጊዜ በጋሼ መስኮት ላይ ያለችው ድንጋይ ትዝ አለችው። ማውረጃው የመጨረሻውን ፉርጎ የጫነ ዕለት፣ ጋሼ ጡጫ የምታህል የድንጋይ ከሰል በኪሳቸው ይዘው መጥተው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከመስኮታቸው ወርዳ አታውቅም። ይዟት ፊታቸው ቀረበ።

«ጋሼ፣ ይህችን ልስበራት?»

«ቆይ» አሉ ጋሼ።

ለሁሉም የሚሉት ነውና፣ ይሁን ማለታቸው ይሆናል ብሎ ወሰዳት። በጨርቅ ጠቅልሎ በመዶሻ ሲመታት ልቡ አብሮ ተመታ። ስብርባሪውን በዱቄት ወንፊት ነፋው፤ በወንፊቱ ያላለፈውን ደግሞ ቀዳዳው ሰፋ ባለ የሻይ ማጥለያ አጠለለው። ሦስት ዓይነት ሆነ፤ እንደ አሸዋ የላመ፣ እንደ በርበሬ ፍሬ የደቀቀ፣ እንደ ምስር የጎላ።

«ወንፊቴስ?» አለች ሚስቱ።

«አጥበዋለሁ።»

«የኔ ጌታ፣ እሱን ለባቡሩ አውርሰው። እኔ ሌላ እገዛለሁ።»

ፎሙን በፉርጎው ሆድ ልክ ቆረጠው፤ ያለ ግፊት እንዲገባ በብርጭቆ ወረቀት ጠርዙን አሻሸው፤ ነጩ እንዳይታይ ጥቁር ቀባው። ላዩን ኮላ አለበሰና የላመውን ነሰነሰበት፤ ከዚያ የደቀቀውን፤ በመጨረሻ የጎላውን ከክምሩ ግርጌ ጥቂት ጥቂት አደረገ። ጋሼ በደኅናው ጊዜ «ትልቁ ቁራጭ ሁልጊዜ ተንከባሎ ታች ነው የሚቀረው» ሲሉ ሰምቷል። ይህን አልረሳም። ከላይ ቀጠን ያለ ኮላ ሲያንጠባጥብበት ግን ጠብታው በዱቄቱ ላይ እንደ ዶቃ ክብ ሆኖ ተንከባለለ፤ አልሰርግ አለው። ሁለት ቀን ተበሳጨ። በሦስተኛው ቀን ኮላውን በውኃ አቅጥኖ አንዲት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጨመረበት፤ በመርፌ ሲያንጠባጥበው ወዲያው ዘለቀ። ሲደርቅ የኮላው ነጭነት ጠፋ። አጎንብሶ በጎን አየው። ከሰል ነው፤ ከሩቅ የታየ፣ በወንዙ ማዶ የሚያልፍ እውነተኛ ከሰል።

የክምሩን ቅርጽ ያወጣው ከራሱ ነው። በከባድ መኪና እንጨት ጭኖ ያውቃል፤ መኪናው ሲነሣ ጭነት ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ባቡርም ያው ነው ብሎ፣ ጉብታውን በፉርጎው ኋላ አደረገው፤ ወደ ሎኮሞቲቩ በኩል እየሳሳ እንዲወርድ። ስድስቱንም እንዲያ ሠራቸው። ከእያንዳንዱ ክምር ልብ ውስጥ አንዲት ሮንዴላ፣ ከብሎን ሥር የምትገባ የብረት ቀለበት፣ ቀበረ፤ በጣት ቁመት እንጨት ጫፍ ላይ ደግሞ ማግኔት ሰካ። ማግኔቱን ክምሩ ላይ ጠጋ ሲያደርጉት ጠቅ ብሎ ይይዛል፤ ክምሩ እንዳለ ከፉርጎው ይነሣል። ጋሼ ባዶውን ፉርጎ በማውረጃው ሥር አሳልፈው፣ በግራ እጃቸው ከሰሉን ራሳቸው እንዲጭኑ አስቦ ነው።

ወሩ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ወንበራቸውን ከጠረጴዛው አስጠግቶ አስቀመጣቸው።

ጋሼ ረጅም ጊዜ አዩ። ዓይናቸው ከሎኮሞቲቩ ተነሥቶ በፉርጎዎቹ ላይ አንድ በአንድ አለፈ፤ መጨረሻው ላይ ደርሶ ተመለሰ። ከዚያ ፊታቸውን አጨማደዱ።

«ቆይ» አሉ።

«እሺ ጋሼ፣ ቆሜያለሁ» አለ አናጢው። ማግኔቱን በግራ መዳፋቸው አስጨበጣቸው።

ጋሼ የፊተኛውን ክምር አነሡ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ክምሩን አየር ላይ ይዘው አንጓቸውን ለማዞር ታገሉ፤ ሲመልሱት ጠርዙ ፉርጎው ላይ ተንጠለጠለ፤ ጥቂት ከሰል ወለሉ ላይ ፈሰሰ። አናጢው እያነሣ አስተካከለላቸው፤ ጉብታውን ወደ ኋላ መልሶ። ጋሼ እንደገና አነሡት።

«ቆይ። ቆይ።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ይኸው ሆነ። ጠዋት አናጢው ስድስቱን አስተካክሎ ወደ ሥራው ይሄዳል፤ ለምሳ ሲመለስ ባቡሩ ተበጥብጧል። አንዱ ክምር ጠማማ ገብቷል፤ አንዱ ጠረጴዛው ላይ ተኝቷል፤ አንዱ ወይም ሁለቱ ደግሞ በደንብ ገብተዋል፤ ግን ጉብታቸው ወደ ፊት ሆኗል። አናጢው በትዕግሥት ሁሉንም ያነሣል፤ ጠርዛቸው የተፈረፈረውን በኮላ ይጠግናል፤ ጉብታውን ወደ ኋላ ይመልሳል። ማታ እንደገና ተበጥብጦ ያገኘዋል። ጋሼ ፊታቸውን አጥቁረው ያዩታል፤ እሱም እያዘነ ያያቸዋል። በሕይወት ዘመናቸው አንድም ቀን ያልተጣሉ ሁለት ወንድማማቾች በስድስት ቁራጭ ፎም ተኳረፉ።

«እንደ ሕፃን እየነቀሉ ይጥሉታል» አለ ለሚስቱ።

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። ቀኑን ሙሉ።»

«እንግዲህ» አለች። ያጠፈችውን አንሶላ ዘርግታ እንደገና አጠፈችው።

ቅዳሜ መጣ። በማግሥቱ ልጅቱ ትመጣለች። አናጢው የተፈረካከሰ ባቡር ካየች ምን እንደምትል ያውቃል። ጋሼ ከሰዓት እንቅልፋቸውን ሲተኙ ገብቶ፣ ስድስቱንም ክምር በየፉርጎው ውስጥ በእንጨት ኮላ ለጥፎ፣ በላዩ መጽሐፍ ጭኖ አደረቃቸው። ዴስክ የሚያጣብቅበት ኮላ ነው፤ ከያዘ አይለቅም። ጉብታዎቹ ሁሉ ወደ ኋላ፣ አንድ መስመር ይዘው ተሰለፉ። ያምራል፤ በእውነት ያምራል። ሥራውን አይቶ ጥቂት ተጽናና።

እሑድ ልጅቱ ከአባቷ ጎን ተቀመጠች። «አባባ፣ አጎቴ የሠራልህን አየሁት እኮ። ያንተ ማውረጃ ነው?»

ጋሼ ማግኔቱን አነሡ። የፊተኛው ክምር ላይ አስጠጉት፤ ጠቅ አለ። ሳቡ። ክምሩ አልወጣም፤ ፉርጎው እንዳለ ከሐዲዱ ተነሣና ተገልብጦ ወደቀ። ሁለተኛውን ሞከሩ፤ እሱም እንዲሁ። ሦስተኛውን በጥፍራቸው ለመቆፈር ታገሉ፤ ጥፍራቸው ሥር ጥቁር ገባ። ከዚያ ቀና ብለው አናጢውን አዩት። ያ አስተያየት እስካሁን ከዓይኑ አልጠፋም። ቁጣ አልነበረም። አንድ ሰው በር ሲያንኳኳ ቆይቶ፣ ቤት ውስጥ ሰው እንዳለ እየሰማ፣ አልከፈት ሲለው የሚያየው ዓይነት አስተያየት ነው።

«ቆይ» አሉ ቀስ ብለው። በመዳፋቸው ጠረጴዛውን መቱ፤ የቀሩት ፉርጎዎች ተንጋለሉ። እጃቸውን ጭናቸው ላይ መለሱና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ልጅቱ አለቀሰች። አናጢውም ወለሉ ላይ ተንበርክኮ ፉርጎዎቹን እየለቀመ፣ ጉልበቱ እየጮኸ፣ ቀና ሳይል «ገባኝ፤ ውሰጃቸው» አላት።

ማክሰኞ ወሰደቻቸው። የሚስቱን ወገብ ሳያስቸግሩ ሁለት ሰዎች በወንበር ተሸክመው መኪና ውስጥ አስገቧቸው። አናጢው በመስኮቱ አጎንብሶ ብርድ ልብሱን በጉልበታቸው ላይ አስተካከለላቸው። ማግኔቷን ግራ እጃቸው ውስጥ ጨብጠዋታል። ትቅርላቸው ብሎ ተዋት። ምንም አላሉም፤ ያቺን አንዲት ቃል እንኳ።

በዐሥረኛው ቀን ዱሮ ከጋሼ ጋር የሠሩት ጡረተኛው ባቡር ነጂ ከዘራቸውን እየጎተቱ መጡ። የጋሼን መሄድ አልሰሙም ነበር፤ ሊጠይቋቸው ነው የመጡት። አናጢው ነገሩን ነግሯቸው ወደ ክፍሉ አስገባቸው። ሽማግሌው ባዶውን አልጋ አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከዚያ ጠረጴዛው ላይ አፈጠጡ። መነጽራቸውን አውጥተው አጠለቁ።

«አንተ ልጅ፣ ይኼን አንተ ነህ የሠራኸው?»

«አዎ።»

«እጅህ ይባረክ። ማውረጃው ራሱ ነው። ከሰሉም ከሰል ነው፤ ልታስነጥሰኝ ነው እንዴ?» ጎንበስ አሉ። «ባቡሩ ግን ወዴት ነው የሚሄደው?»

«ወዲህ ነዋ። ሎኮሞቲቩ ይኸውልዎ።»

«ሎኮሞቲቩንማ አይቼዋለሁ። ሎኮሞቲቩ ወዲህ፣ ከሰሉ ወዲያ ነው የሚሄደው።» ሳቅ አሉ። «ዞሮ የተጫነ ከሰል ዛሬ አየሁ።»

አናጢው አልገባውም። ሽማግሌው ከዘራቸውን ጠረጴዛው ላይ አስደግፈው፣ አንዱን ፉርጎ በማውረጃው ሥር ገፋ አደረጉት።

«ስማ። ጥቀርሻ ‹ቆይ› ይለኛል፤ እቆማለሁ። በሩን ይለቀዋል፤ ከሰሉ ከፉርጎው አፍንጫ በኩል ይቆለላል። ሊዘጋው ሲል ‹ሂድ› ይለኛል፤ እሄዳለሁ። በሩ እስኪገጥም የሚንጠባጠበው እየተዘራ ወደ ኋላ ጅራት ያወጣል። ራሱ ወደ ሎኮሞቲቩ፣ ጅራቱ ወደ ኋላ። አንገቴን ባወጣሁ ቁጥር ያየሁት ይኼንኑ ነው፤ ስድስትም ይሁን ሠላሳ ፉርጎ፣ ሁሉም ወደኔ ነው የሚያየው። አንተ ግን ጀርባቸውን ሰጠኸኝ።» አሁንም እየሳቁ ነበር። «የሚገርመኝ፣ ጥቀርሻ ይኼን አይቶ ዝም አለ?»

አናጢው በወንድሙ ወንበር ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«ዝም አላሉም» አለ።

ሁሉም ነገር አንድ በአንድ መጣበት። አየር ላይ የምትንቀጠቀጠዋ እጅ፣ አንጓዋን ለማዞር ስትታገል። በደንብ ገብተው ጉብታቸው ወደ ፊት ሆኖ ያገኛቸው ክምሮች፤ እሱ በትዕግሥት እያዞረ ያበላሻቸው። ያ «ቆይ፣ ቆይ»። ልጅቱ የጠየቀችው አንድ ምልክት ነበር፤ ጋሼ በቀን ስድስት፣ በቀን ዐሥራ ሁለት ምልክት ሲሰጡ ከርመዋል። እሱ ደግሞ ምልክቱን በእንጨት ኮላ አጣበቀው።

ሽማግሌው ሳቃቸውን አቁመው ነበር። «ምን ሆንክ?» አሉት። ትከሻውን ነካ አደረጉና፣ ከጎኑ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

ለልጅቱ ደወለ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገራት፤ ስለ ክምሩ ራስና ጅራት፣ ስለ ኮላው። 

«አሁን ነው የምትነግረኝ አጎቴ?» አለች፤ መውቀሷ አልነበረም። «ሐሙስ በሽታው አገረሸበት። አሁን ከአልጋ አይነሣም። ያለ ነርሶች ወደ ቤት መመለስ አይቻልም።» ቀጥላም «ያቺን ማግኔት ግን ከእጁ ማንም ሊያወጣት አልቻለም» አለች።

አናጢው ፉርጎዎቹን ሊፈታ ሞከረ። ኮላው ጨክኖ ይዟል፤ ሁለቱን ሰበራቸው። እንግዲያው አዲስ ፉርጎ ሠራ፤ አንድ። ከሰሉ አልቆ ነበርና በጋሼ ክፍል ወለል ተንበርክኮ፣ ከጠረጴዛው ሥር፣ ከምንጣፉ ጠጉር ውስጥ፣ ጋሼ በትግላቸው ያፈሰሱትን ፍርፋሪ በብሩሽ ለቀመ። አንዲት ክምር አለበሰ። ጉብታው ወደ ፊት ሆነ፤ ጅራቱ እየሳሳ ወደ ኋላ ሄደ፤ ጎላ ጎላ ያሉት ከግርጌው ተቀመጡ። ሮንዴላዋን ከሆዱ ቀበረ። አላጣበቀውም።

አውቶቡስ ተሳፍሮ ሄደ። የአረጋውያኑ ቤት ረጅም ኮሪደር ያለው፣ ወለሉ በመድኃኒት የታጠበ፣ ጸጥ ያለ ቦታ ነው። ጋሼ በትራስ ተደግፈው ወደ መስኮቱ ዞረዋል። ከስተዋል። ፉርጎውን ከደረታቸው ፊት፣ የምግብ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«ጋሼ፣ አጥፍቻለሁ። አስተካክዬዋለሁ፤ ይዩት።»

ዓይናቸው ወደ ፉርጎው ወረደ። እዚያ ቆየ። ግራ እጃቸው ከብርድ ልብሱ ሥር ወጣች፤ የተጨበጡት ጣቶች ላላ አሉ፤ ማግኔቷ ክምሩ ላይ ወረደች፤ ጠቅ አለች።  አንሥተው እንዳለ ከመለሱት፣ ትክክል ነው ማለታቸው ነው። ካዞሩትም ያዙሩት፤ ያም ቢሆን መልስ ነው። ክምሩ ጣት ያህል ተነሣ። አየር ላይ ቆመ። ከዚያ እጃቸው ዛለች፤ ክምሩ ከማግኔቷ ተላቅቆ ብርድ ልብሱ ላይ ወደቀ፤ ጥቂት ጥቁር ፍርፋሪ ነጩ ላይ ተበተነ። ጋሼ ዓይናቸውን ከደኑ።

«እንዲህ ነው ጋሼ? ወይስ እንዲህ?» አለ፤ ክምሩን ወዲህም ወዲያም እያዞረ። የሚያየው አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ይሄዳል። ፉርጎው መስኮቱ ላይ፣ ዱሮ ድንጋይዋ ትቀመጥ እንደነበረው ያለ ቦታ ላይ ነው። እንደ ገባ ክምሩን ያነሣና ሆን ብሎ አዙሮ ይጭነዋል፤ ጉብታውን ወደ ኋላ። ጋሼ ፊት አስቀምጦት ወንበሩን ይስባል። ስለ ቤቱ ያወራቸዋል፤ ስለ ሚስቱ ወገብ፣ ስለ ቧንቧው፣ ስለ ወንፊቱ። እያወራ ግን ግራ እጃቸውን ነው የሚያየው። ፊታቸውን እንዲያጨማድዱበት፣ «ቆይ» እንዲሉት ይጠብቃል። አንድ ሰዓት ይጠብቃል፤ አንዳንዴም ሁለት።

ነርሷ መጥታ ሰዓት መድረሱን ስትነግረው ይነሣል። ከመሄዱ በፊት ክምሩን አንሥቶ ያዞረዋል፤ ራሱን ወደ ፊት፣ ጅራቱን ወደ ኋላ። ዞሮ እንደ ተጫነ ትቶባቸው ሊሄድ አይሆንለትም።